ለዬሮሳን ላኪ ያልከኝ ፋውንዴሽን

ውድ ኪቲላ፤

በቴሌግራም የላክህልኝን ድምፅ ሰማሁት። አንዴ ሰምቼ ስልኩን አስቀመጥኩና ደግሞ አንስቼ ሰማሁት፤ ሌላ ሰው የላከው መስሎኝ። በስልክ እንዳልመልስልህ፣ ስናገር እሳት እንደምሆን አንተው ታውቃለህ። ስጽፍ ይሻለኛል። ስለዚህ ዕቃህን ከዚህ ደብዳቤ ጋር በቡሬ መኪና ልኬልሃለሁ፤ ሾፌሩን ለራስህ በእጅህ ካልሆነ እንዳይሰጥ አደራ ብዬዋለሁ።

የጠየቅከኝ ነገር ሲሰሙት ቀላል ነው። እሑድ እናትህ እትዬ ተጂቱ ቤት የምስጋና ፕሮግራም አለ፤ የቡሬ ዘመድና የቤተ ክርስቲያን ሰው ሁሉ ይመጣል። ባለቤትህ ዬሮሳን ከጆሮዋ ሥር ያለውን ለምጽ የሚሸፍንላት ፋውንዴሽን ላኪ አልከኝ። ይህስ ምንም አልነበር። ቀጥለህ ግን ድምፅህን ዝቅ አደረግክና «እኔ እንደጠየቅኩሽ እንዳታውቅ፤ ያንቺ ስጦታ ይምሰል» አልክ። ደሜን ያፈላችው ይቺ ናት።

አይ ኪቲላ! በፍቅራችን ጊዜ የሜካፕ ሥራዬን «ልስን» ነበር የምትለው። ማታ ሳሎኑ በር ላይ ትጠብቀኝና «ዛሬ ስንት ግድግዳ ለሰንሽ?» ትለኛለህ፤ እኔም እስቃለሁ፤ ያኔ አንተ ባወራኸው ሁሉ እስቅ ነበር። አሁን ግድግዳ የሚለስንልህ ሰው አጥተህ ወደኔ መጣህ። ከጠየቅከኝ አይቀር እንግዲህ ስለ ሥራው ትንሽ ልንገርህ፤ ሳታውቀው ነውና የጠየቅከኝ።

ፋውንዴሽን እንደ ሳሙና «አንድ ስጪኝ» ተብሎ አይገዛም። እዚህ መቱ ግን ሴቱ ሁሉ ገብቶ የሚዘረጋልኝ የእጁን አንጓ ነው፤ «በዚህ ለኪልኝ፣ ግን ቀላ ያለውን።» እጅና ፊት መቼ አንድ ቀለም ሆነው ያውቃሉ? ደንበኛዬን ከአምፖሉ ሥር አስነስቼ በር ላይ አወጣታለሁ፤ ዝናብ ከሆነም በረንዳው ጫፍ ድረስ። መንጋጋዋ ላይ የተለያየ ቀለም በመስመር በመስመር አደርግና አያለሁ። ቆዳዋ ውስጥ ገብቶ የጠፋው የሷ ነው። ያኔ ትቆጣለች። «ምኑን ተቀባሁት ታዲያ? አይታይም እኮ!» ካልታየ ነው ልኩ ብላት አታምነኝም። ፊቷ ከአንገቷ ተለይቶ፣ አመድ የነፉባት መስላ ካልወጣች የተታለለች ይመስላታል።

ቀለሙ ከተገኘ በኋላ ደግሞ ቆዳው አለ። ፊቷ ወዝ የሚያበዛ ከሆነ ቅባት የሌለበትን ስስ ፋውንዴሽን አድርጌ ላዩን በፓውደር አደርቀዋለሁ፤ አለበለዚያ በኛ አገር እርጥበት ገና ከቀትር በፊት ይንሸራተታል። ያንኑ ደረቅ ቆዳ ላይ ባደርገው ሲስቁ ይሰነጠቃል፤ ደረቅ ቆዳ መጀመሪያ በክሬም መራስ አለበት። ቶሎ የሚቆጣ ቆዳ ከሆነ ከጆሮዋ ጀርባ ትንሽ ነካ አደርግና አድራ እንድትመለስ እነግራታለሁ። አንተ ከዚህ ሁሉ ስለ ሚስትህ ቆዳ የቱን ታውቃለህ? በድምፅህ የነገርከኝ «እንዳይታይ» የሚለውን ብቻ ነው።

እኔ ግን አውቀዋለሁ። ዬሮሳን ከሠርጉ በፊት ለሙከራ የመጣች ቀን ከኖፓ ወረዳ ዝናብ ሲመታት መጥታ፣ በሻርፕ እስከ አገጯ ተጠቅልላ ነበር። ሙሽራው አንተ መሆንህን የሰማሁት ወንበሩ ላይ ከተቀመጠች በኋላ ነው። «ኪቲላ ይባላል፤ ቡሬ ነው የሚሠራው» አለችኝ በመስታወቱ ውስጥ እየሳቀች። እኔና አንተ «በቃን» እንኳ ሳንባባል የቀረን ሰዎች ነን። እዚሁ ቅርባችን ቡሬ ተመድበህ ስትሄድ በየቀኑ ትደውል የነበርከው በየሳምንቱ ሆነ፣ ከዚያ ለበዓል ብቻ፣ ከዚያ በዓሉም ዝም ብሎ ማለፍ ጀመረ። ስምህን ከአፏ ስሰማ «እንኳን ደስ ያለሽ» አልኳት፤ ሌላ ምን እላለሁ? ከጀርባዋ ቆሜ ግን የምጠላው ነገር ፈለግኩባት። እውነቴን ነው፣ አጥብቄ ፈለግኩ። አጣሁ።

ሻርፑን ስትፈታ ለምጹን አየሁት። ከግራ ጆሮዋ ሥር ተነስቶ በመንጋጋዋ ይወርድና አገጯ ጋ ያበቃል። ዙሪያው ቀልቶ ነበር፤ ከተማሪነቷ ጀምሮ ከገበያ ያገኘችውን ሁሉ እየደራረበች ስትሸፍነው ቆዳዋ ተቆጥቷል።

«ሐኪሙ አይተላለፍም ብሎኛል» አለችኝ፣ ሳልጠይቃት። «ሰው ግን ብርጭቆዬን ይለይብኛል።»

አንተ ታውቅ እንደሆነ ጠየቅኋት።

«ነግሬዋለሁ፣ በስልክ። ‹ምንም አይደለም› ብሎኛል። አይቶት ግን አያውቅም።»

ያን ዕለት ባንተ ኮራሁ ብልህ ታምነኛለህ? የወደድኩት ሰው እንዲህ የሚል ሰው ነበር አልኩ በልቤ። ካንተ ከተለየሁ ወዲህ ስላንተ ደግ ነገር ያሰብኩት ያን ቀን ነው።

የሠርጉ ዕለት ጠዋት አንተ ሳትመጣ የሆነውንም ስማ። የአባቷ እህት አዳዳ ተስፋነሽ ቤት፣ እዚሁ መቱ፣ ጓዳ ውስጥ ነበር ያስዋብኳት። ቆዳዋን ለቀናት ምንም ሳይነካው አሳርፌዋለሁ፤ ሽቶ የሌለበትን ፋውንዴሽንም አስቀድሜ ሞክሬላታለሁ። ለምጹን መጀመሪያ በወፍራሙ መሸፈኛ፣ ከዚያ በራሷ ቀለም ሸፈንኩት። ጠፋ። በእጄ ሥራ ኮርቼ መስታወቱን ሰጠኋት። አገጯን ቀና አድርጋ መንጋጋዋን አየች።

«ሶር ላይ ይለቃል?» አለችኝ።

ከቤተ ክርስቲያን በኋላ ፎቶው ሶር ፏፏቴ ነበር፤ የመቱ ሙሽራ እዚያ ወርዶ ፏፏቴው በሚረጨው ውሃ ካልበሰበሰ ያገባ አይመስለው።

«ውሃ የሚችል ነው» አልኳት። «ግን ሶር ሶር ነው።»

«እሺ፣ ሶርን ቻለው እንበል። ማታስ? ነገስ ጠዋት?»

መስታወቱን ልቀበላት እጄን ዘረጋሁ። እሷ ግን ቆርጣለች።

«ዺሲ፣ ኦቦሌቲ። ተይው፣ እህቴ። ከዚህ ቦታ ላይ አንሺልኝ።»

አዳዳ ተስፋነሽ ከበሩ ዘለው ገቡ። «ኧረ በጌታ! የቡሬ ሰው ደጅ ደርሶ! አንቺ ልጅ፣ እጅሽን እንዳታሳርፊባት!»

«አዳዳ፣ ምንም አይደለም ያለኝ ሳያይ ነው» አለች ዬሮሳን። «አይቶ ይበለኝ።»

እምቢ አላልኳትም፤ አነሳሁላት። በሥራ ዘመኔ እንደዚያ የከበደኝ ሜካፕ የለም። መሸፈንማ ይቀላል፤ ሁሉን አንድ ማድረግ ነው። ለምጹን ገልጦ መተውና ዳሩን ያልታጠበ ሳያስመስሉ እያሳሱ ማምጣት ግን ትንፋሽ ያሳጥራል። ስጨርስ ቆንጆ ነበረች። ይህን ለማጽናናት አይደለም የምልህ፤ ቆንጆ የሆነውንና ያልሆነውን መለየት እንጀራዬ ነው።

ከዚያ የሙሽሪት ወገን ልጆች በሩን ዘግተው ሲከራከሯችሁ ቆይተው አስገቧችሁ። እኔ ስፖንጄን እንደያዝኩ መጋረጃው አጠገብ ነበርኩ፤ አላየኸኝም። እሷን አየሃት። ቆም አልክ። እሷ ግራ ጉንጯን ሰጠችህ፤ አውቃ ነው። አንተ ዞረህ ቀኙን ሳምክ። እልልታው ቀለጠ፤ ማንም ምንም አላስተዋለም።

ሶርም አብሬያችሁ ወርጃለሁ። ሁለቱ ሚዜዎቿ «እድላዊት ታጠቁረናለች» ብለው እኔን ትተው ሌላ ቤት ቀላ አስደርገው ስለመጡ፣ በፏፏቴው ካፊያ ፊታቸው እንደ ካርታ ተከፋፍሎ እነሱን ስጠራርግ ነበርኩ። ዬሮሳን ግን የሚለቅባት ነገር አልነበራትም። ፊቷን ወደ ውሃው ሰጥታ እንደ ልጅ ትስቅ ነበር። አንተ ፎቶ አንሺውን «በዚህ በኩል፣ በዚህ በኩል» ትለዋለህ፤ ትከሻዋን ይዘህ ታዞራታለህ። መጀመሪያ ቀልድ መስሏት ሳቀች። በኋላ ሳቁ ቀረ። መጨረሻ ላይ ካሜራው ሲነሳ ማንም ሳይነግራት ራሷ ትዞር ጀመር። 

አልበሙ ታትሞ ሲመጣ ሳሎን ድረስ አምጥታ አሳየችኝ። ገጹን እየገለጠች «እንደ ሳንቲሙ አንበሳ በአንድ ጎን ብቻ ወጥቻለሁ» አለችኝ። ልትስቅ ሞክራ ነበር። ስላንተ ክፉ ቃል አልተነፈሰችም።

ክፉ ሰው ነህ አልልህም። አውቅሃለሁ፤ አንተን የሚያስፈራህ ለምጹ አይደለም፣ የሰው ዓይን ነው። የእናትህ ጎረቤቶች ብርጭቆዋን ሲለዩ ማየት ትፈራለህ። ግን ዬሮሳን ስጦታዬን ስትከፍተው ምን እንደምታስብ አስበሃል? ያን ጠዋት «አንሺልኝ» ስትል እሺ ያልኳት እኔ ብቻ ነኝ። አሁን እኔው ተመልሼ ሸፍኝው ስላት፣ እድላዊትም ስታስመስል ኖሯል ማለት አይደለም? አንተ እጅህን ደብቀህ በኔ እጅ ልትገፋት ነው። አይሆንም፣ ኪቲላ።

ይህን የምትጽፊው በቅናት ነው ትል ይሆናል። ቅናቱማ አለ፣ ለምን እዋሻለሁ? ግን ቅናት ብቻ ቢሆን ጠርሙሱን ልኬ፣ ዳር ቆሜ ትዳራችሁ ሲበላሽ አይ ነበር። እሷ ራሷ መጥታ ሸፍኝልኝ ብትለኝ ዛሬውኑ እቀምምላታለሁ። መሸፈን ነውር አይደለም፤ እንደ ነጠላ ሲፈልጉ ይለብሱታል፣ ሲፈልጉ ያወልቁታል። ሰው በግድ ሲያለብስህ ነው የሚከብደው።

ባዶ እጅህን ግን አልመለስኩህም። ከደብዳቤው ጋር ያለው ጠርሙስ ላንተ ነው። ለራስህ ፊት።

እሑድ ጠዋት ታጠብና አድርቅ። ጉንጮችህ ደረቅ ናቸው፤ መጀመሪያ በትንሿ ዕቃ ያለውን ክሬም ቀባቸው። ግንባርህና አፍንጫህ ወዝ ያበዛሉ፤ እዚያ ላይ ስስ አድርገው። በረጠበ ስፖንጅ ጠቅ ጠቅ እያደረግክ ከመሃል ወደ ዳር ውሰደው፤ እንዳትፈትገው። እስከ አንገትህ አውርደው። ማንም አያውቅብህም። ከዚያ እናትህ ቤት ሂድና እስኪመሽ ዋልበት። ላብህን አትጥረግ። ቢበላህ አትከክ። ዘመድ ሊስምህ ሲመጣ ልብሱን እንዳታቀልም ሸሸት በል። መዝሙሩ ልብህን ቢነካውም እንባህን ዋጠው። ሰው ፊትህን ባየ ቁጥር ታወቀብኝ ይሆን እያልክ ዋል። ማታ ዬሮሳን እያየችህ ታጠበው። ምንድነው ይሄ ብላ ስትጠይቅህ፣ ከሷ የፈለግከውን በራስህ አፍ፣ ዓይኗን እያየህ ንገራት።

ፕሮግራማችሁ በሰላም ያልቅ ዘንድ እመኛለሁ፤ እትዬ ተጂቱን ሳምልኝ። ቀለሙ ያሳስብህ ይሆናል፣ አያሳስብህ። የሷን ለማግኘት በር ላይ አውጥቼ፣ በቀን ብርሃን፣ ደጋግሜ ሞክሬያለሁ። ያንተን የቀመምኩት ሳላይህ፣ በቃሌ ነው።

እድላዊት
መቱ