«ብርድ ነው» ላሉኝ የጤና ጣቢያችን ኃላፊ

ለተከበሩ የሰፈራችን ጤና ጣቢያ ኃላፊ፤

ጤናዎ እንዴት ሰንብቷል? ጉልበትዎ፣ ወገብዎ፣ ጣቶችዎ ሁሉ ደህና እንዲሆኑ ዱዓዬ ነው። የእኔዎቹ ደህና አይደሉምና ጽሕፈቴ ከተንጋደደ በትሕትና ይታገሱኝ።

መርካቶ ካለ መጋዘን የተበላሸ የቡና ፍሬ በጣቴ እየለቀምኩ የማድር ሴት ነኝ። የጡት ካንሰሬ በኦፕሬሽን ከወጣ በኋላ፣ እንዳይመለስብኝ በየቀኑ የሆርሞን ኪኒን እንድውጥ ታዘዘልኝ። ጥቂት ወራት እንደዋጥኩ ጠዋት ጠዋት ጣቶቼ አልታጠፍ፣ ጉልበቴም አልዘረጋ ብሎ ሲያስቸግረኝ ወደ እርስዎ መጣሁ።

አንደኛ፦ ካርዴን ሳይገልጡ፣ የምውጠውንም ሳይጠይቁ «ብርድ ነው» ብለው ስለሸኙኝ ከልብ አመሰግናለሁ። በምክርዎ ተጽናንቼ ወጌሻ ዘንድ ሄጄ ታሸሁ፤ ከአልጋ መውረድም አቃተኝ።

ሁለተኛ፦ ብርዱ ካልሲ ብደራርብም አልወጣ ሲል «እንግዲህ ዕድሜ ነው» ብለው በአርባ ስድስት ዓመቴ ስላስረጁኝ ምስጋናዬ ይድረስዎ።

ሦስተኛው ግን ከሁሉ ይበልጣል። ብርድም እርጅናም አለመሆኑ ሲገባኝ፣ ካንሰሩ አጥንቴ ውስጥ ገብቷል ብዬ ደመደምኩ። ፈራሁ፤ እጅግ ፈራሁ። እንደ ደንባችን ሳልሞት ይቅር ልባባል ብዬ፣ እያነከስኩ ጎረቤቱን ሁሉ «አፉ በሉኝ» እያልኩ ዞርኩ። እጣቢውን ዘወትር ደጄ ላይ የሚደፋውን ሸኩርን እንኳ ሳይቀር አፉ አልኩት። እሱም አለቀሰ፤ በነጋታው እንደ ልማዱ ደፋ። የተሰጠ ይቅርታ አይነሳ ነገር፣ አላህ ዕድሜ ከሰጠኝ ከነእጣቢው በሰላም መኖር ግዴታዬ ሆኗል።

በመጨረሻ ኦፕሬሽን ወደተደረግሁበት ሆስፒታል ተመለስኩ። አጥንቴ ተመረመረ፤ አልሐምዱሊላህ፣ ካንሰር የለበትም። ዶክተር ያለምወርቅ እንዳስረዳችኝ፣ ይህ ኪኒን የብዙ ሴቶችን መገጣጠሚያ እንደሚያሳምም የታወቀ ነው። በራሴ ፈቃድ እንዳላቋርጥ አስጠንቅቃ በሌላ ዓይነት ቀየረችልኝ፤ በእግሬ እንድንቀሳቀስም መከረችኝ። አሁን ጣቶቼ ቀስ በቀስ እየታዘዙኝ ነው።

ለዚያ ወንበር ያበቃዎ አላህ ወንበሩን ያሙቅልዎ፤ ከነፋስና ከቁርም ይሰውርዎ እያልኩ፣ በታላቅ አክብሮት እሰናበታለሁ።

ያለ ዕድሜዋ ያስረጇት ታካሚዎ፣
ፈድሊያ

ድኅረ ጽሑፍ፦ ከጎኔ የምትለቅመው፣ ከጅማ ሰቃ የመጣችው ነጅላም ያንኑ ኪኒን ትውጥ ነበር። እርስዎ ለእሷም ብርድ ነው ሲሏት፣ ያሳመማት ኪኒኑ መሆኑን በራሷ ደረሰችበት፤ ሌላ መላ እንዳለ የሚነግራት አላገኘችምና ከነጭራሹ ተወችው። ሰሞኑን ብብቷ ሥር እብጠት ዳስሳለች። ሰኞ ደግፌ አመጣታለሁ። የሦስት ልጆች እናት ናትና፣ ለልጆቿ የሚሉትን ከአሁኑ ያስቡበት።