ሦስቱ ሰዓቶች እስኪስማሙ

ለእታለም አማረች፣

እንደምን ከርመሻል? እግርሽ ማበጡን ተወልሽ? የባለቤትሽ የጋሽ ፀሐዩ ወገብስ? የእማዬ ዓይንስ? እኔ ከናፍቆታችሁ በቀር ደህና ነኝ፣ ፈጣሪ ይመስገን። ለመውለጃሽ እደርሳለሁ ብዬሽ ቀረሁ፤ ቅር እንዳይልሽ ጉዴን ልንገርሽ።

በፋብሪካችን ሁለት በሮችና በቢሮው አንድ አንድ ኮምፒውተር አለ። ሠራተኛው ሲገባና ሲወጣ በሩ ላይ ጣቱን ያሳርፋል፣ ኮምፒውተሩ ሰዓቱን ይመዘግባል፣ መውጫ ሰዓት ካልደረሰም በሩን አይከፍትም፤ ተቆጣጣሪዋ እኔ ነኝ። ታዲያ የታችኛው በር ሰዓት ወደ ኋላ ይቀራል፣ የላይኛው ይቀድማል። ይህን የደረሰበት ሁሉ ጠዋት በታችኛው ይገባል፣ ማታ በላይኛው ይወጣል! እኔም ሥራ ላሳምር ብዬ ሁለቱም በሮች ሰዓታቸውን ከቢሮው ኮምፒውተር ብቻ እንዲወስዱ አገናኘኋቸው።

በማግስቱ አለቃችን አቶ ጂራታ ቢሮ ገብተው፣ "ጠዋት በሁለት ሰዓት ስምንት ይላል እንዴ?" ብለው ሁለት አደረጉት። ኮምፒውተር በፈረንጅ እንደሚቆጥር ማን ያስታውሳቸው! በሮቹ ታዛዥ ናቸውና ስድስት ሰዓት ወደ ኋላ ተከተሉ። ማታ በአሥራ አንድ ለመውጣት ብንሰለፍ ገና ረፋድ ነው ብለው አልከፈት አሉ። ውጭ ሰርቪሱ ጥሩምባውን ይነፋል። የስፌት ክፍሏ ዘኪያ፣ "የቂሊንጦ እስር ቤት እዚያ ማዶ አልነበረም? መቼ ወደዚህ አዛወሩት?" ብላ ሰዉን አሳቀችው። እኔ ግን ሮጬ በሮቹን በእጅ አስከፈትኩ።

አቶ ጂራታ ሦስቱ ሰዓቶች ሳምንት ሙሉ ሳይዛነፉ ካልዋሉ ፈቃድ የለም አሉኝ። ያዛነፉት ራሳቸው መሆናቸውን በምን አፌ ልንገራቸው? አንጀቴን ቋጥሬ አስተካከልኩ። ስድስት ቀን ተስማምተው ዋሉ፣ ሻንጣዬን አሰርኩ። በሰባተኛው ቀን መብራት ሄደ። ተመልሶ ሲመጣ የቢሮው ኮምፒውተር የውስጥ ባትሪው ደክሞ ኖሮ የዛሬ ስንት ዓመት ቀን ይዞ ተነሣ፤ በሮቹም ተከተሉት። ቆጠራው እንደገና ከአንድ ተጀመረ። አዲስ ባትሪ እንዲወጣ ሦስት ሰው መፈረም አለበት፤ አንደኛው ፈራሚ የዓመት ፈቃድ ላይ ናቸው!

እና እታለም፣ የመውለጃሽ ገንፎ ሊያመልጠኝ ነው፣ ለክርስትናው ግን ተስፋ አልቆረጥኩም። ወንድ ከሆነ አርባ ቀን ነው ያለኝ፣ ሴት ከሆነች ሰማንያ። ሴት እንድትሆንልኝ ለማርያም ተስያለሁ፤ ጋሽ ፀሐዩ ወንድ ወንድ ማለቱን ይተውልኝ።

የእማዬን ጉልበት ሳሚልኝ። ጋሽ ፀሐዩን ወገቡን ያሙቅ በይው። ልጅሽን ልዕልትዬን ጉንጯን ሳሚልኝ። በሆድሽ ላለችው ደግሞ፣ አክስትሽ ተይዛለችና አትቸኩዪ በያት።

እህትሽ ትንቢት

አቃቂ ቃሊቲ፣ ቂሊንጦ
ኅዳር 19 ቀን 2018 ዓ.ም.