ካሳዬ ልክ ነህ ያለኝ እሑድ

መጋቢት 22፣ እሑድ

ከቤተ ክርስቲያን መልስ እንደተለመደው ሃርልስደን ሰፈር፣ ጋሽ ሳህሉ ቤት። ጋሽ ሳህሉ፣ ካሳዬና እኔ። ሦስት ሐበሻ ስለ አሜሪካን ፉትቦል ሲጨቃጨቅ... ሰው ቢሰማን ምን ይላል?

ያስለመድኳቸው እኔ ነኝ። የአሜሪካ ቡድኖች ዌምብሊ መጥተው ሲጫወቱ አስተናባሪ ነበርኩ። ሥራችን ተመልካቹን ማየት ስለሆነ ጀርባዬን ለሜዳው ሰጥቼ ቆምኩ። ጨዋታውን ያየሁት በሰው ፊት ላይ ነው። የተሸነፈው ቡድን አሳዘነኝና ያዝኩት፤ ሁለቱንም ጎትቼ አስገባኋቸው። አሁን ወሬያችን ሁሉ ድራፍት ነው። ከኮሌጅ ከሚወጡት ልጆች ቡድናችን በመጀመሪያው ዙር ማንን ይወስዳል? ቀኑ ሳይደርስ እኛው ገምተን እንመርጣለን። ሮማንወርቅ "ባሌ በሑዳዴ ድራፍት ጀመረ" እያለች ለጓደኞቿ ታወራብኛለች።

እኔ ጠባቂውን ነው የምለው። ኳስ ወርዋሪው ከጀርባው የሚመጣበትን አያይም። እዚያ ጋ የሚቆምለት ግንብ የሚያህል ልጅ ያስፈልገዋል። ካሳዬ ሯጩን ይላል፣ ጠረጴዛ እየደበደበ። "ፈሪ ስለሆንክ ነው ዘበኛ የሚያምርህ! በዘበኛ ነጥብ አይገኝም!" ባስ ሲነዳ ውሎ ለተሳፋሪው ያልተናገረውን እኛ ላይ ነው የሚያወጣው። "ልክ ነህ" የሚል ቃል ከአፉ ወጥቶ ሰምቼ አላውቅም።

ወደ ቤት ስመለስ አዲስ አበባ ደወልኩ። እትዬ እታለማሁ ሐኪም ቤት ተኝታለች። እናታችን ከሞተች ወዲህ ያሳደገችኝ እሷ ናት። "ደም ግፊት ነው፣ ደግሞ ለዚህ። ብርዱ እንዴት ነው? ካፖርት ትለብሳለህ?" አለችኝ። ድምጿ ቀጥኗል። ሳልመልስላት መስመሩ ተቋረጠ።

መጋቢት 27፣ ዓርብ

ልጇ ሰሎሜ ናት ስልኩን ያነሳችው። "ተኝታለች፣ አጎቴ።" በቀን? "መድኃኒቱ ነው የሚያስተኛት።" እሺ...

ሚያዝያ 6፣ እሑድ

ካሳዬ የሯጩን ቪዲዮ በስልኩ አሳየን። "እየው! እየው እንዴት እንደሚፈተለክ!" እኔም የጠባቂዬን አወጣሁ። ተጯጯህን። ጋሽ ሳህሉ "ኧረ ቀስ በሉ፣ ጎረቤት አለኝ" ይላሉ፣ የሚሰማቸው የለም። ደስ ብሎኝ ወጣሁ። እትዬን ለተወሰነ ጊዜ ረስቻት ነበር... ይህን ስጽፍ ደነገጥኩ።

ስደውል ሁሉም "ሻል ብሏታል" ይሉኛል። ሁሉም በአንድ ቃል። ሻል ካላት ለምን አታናግረኝም? ትኬት ልቁረጥ ብል ሰሎሜ "ለፋሲካ ትመጣለህ፣ ምን አስቸኮለህ" አለች።

ሚያዝያ 13፣ እሑድ

ከጋሽ ሳህሉ ቤት አሁን መመለሴ ነው።

ስገባ ሁለቱ ወሬ አቋረጡ። ድራፍቱ በዚህ ሳምንት ነው፤ የመጨረሻ ግምታችንን የምንናገርበት ቀን። "እኔ ከጠባቂዬ ንቅንቅ አልልም" አልኩና ካሳዬን ጠበቅሁት። ጠረጴዛውን አልመታም። የሻይ ብርጭቆውን አዞረው፣ አዞረው...

"ልክ ነህ፣ ሰይፉ" አለኝ። "ጠባቂው ይሻላል።"

ሳቅሁ። ማንም አልሳቀም። ጋሽ ሳህሉ ወደ መስኮቱ ዞሩ።

ምን ነካው? አሞት ይሆን? ከአለቃው ተጣልቶ ይሆን? ብሪክስተን እስክደርስ ባቡር ውስጥ ለካሳዬ ምክንያት ስፈልግለት ነበር። ቤቴ በር ላይ ስደርስ አለቀብኝ። ሰው እንዲህ የሚራራው ለማን ነው?

ሚያዝያ 15፣ ማክሰኞ

ፈተንኩት። ደውዬ "ሐሳቤን ቀይሬአለሁ፣ ኳስ ለጊውን እንውሰድ" አልኩት። በመጀመሪያ ዙር ኳስ ለጊ! አልፎ አልፎ ብቅ ብሎ፣ ኳስ ለግቶ የሚወጣ ልጅ... ጤነኛ ቡድን አያደርገውም። ሌላ ጊዜ ቢሆን ካሳዬ ባሱን አቁሞ ይሰድበኝ ነበር። አሁን ግን እንዲህ አለኝ፦

"እሱም ጥሩ ነው፣ ወንድሜ።"

ወንድሜ! ስልኩን ዘጋሁበት።

ሚያዝያ 16፣ ረቡዕ

የሮማንወርቅ ዓይን ቀልቷል። "ሽንኩርት ነው" አለችኝ። ምድጃው ላይ የተጣደ ነገር የለም። ጥቁር ቀሚሷን ተኩሳ ቁም ሳጥን ውስጥ መልሳዋለች። አየሁና እንዳላየ ሆንኩ። ሊድስ ያለው ወንድሜ ፀሐዬ ቅዳሜ ሊጠይቀን ይመጣል አለች። ፀሐዬ? እንዲሁ ሊጠይቀን? ለምን አላልኳትም።

መርዶ እንዴት እንደሚነገር አላጣሁትም። እኔም ለሌላ ሰው ሄጃለሁ። ዘመድ እስኪሰበሰብ ይጠበቃል፣ ሰውየው ሥራ የማይገባበት ቀን ይመረጣል፣ በማለዳ በሩ ይንኳኳል።

ብጠይቅ ይነግሩኛል። ካልጠየቅሁ ግን እትዬ እስከ ቅዳሜ አለች። ፈራሁ። አምላኬ፣ በጣም ፈራሁ።

ሚያዝያ 18፣ ዓርብ

ጠባቂውን መረጡት። የኔን ልጅ! ጠዋት ስልኬ ላይ አየሁ። ማንም አልደወለልኝም።

ሚያዝያ 23፣ ረቡዕ

ዛሬ ነው መጻፍ የቻልኩት።

ቅዳሜ ገና ሳይነጋ ካፖርቴን ለብሼ ተቀምጬ ነበር። ደረጃው ላይ የብዙ ሰው እግር ሰማሁ፣ ቀስ እያለ... አንኳኩ። ፀሐዬ ከፊት፣ ጋሽ ሳህሉ ነጠላ ለብሰው፣ ካሳዬ ከሁሉም ኋላ። አፋቸውን ሳይከፍቱ ቀደምኳቸው።

"ጠባቂውን መረጡት፣ ሰማችሁ?"

እትዬ ትንሽ እንኳ ብትቆይልኝ ብዬ ነው። ካሳዬ "ሰምተናል" አለ። ወሬውን እንዲቀጥል በዓይኔ ለመንኩት። አቀረቀረ።

"ሰይፉ ልጄ፣ ቁጭ በል" አሉ ጋሽ ሳህሉ።

"እትዬ ናት?"

"ቁጭ በል፣ ልጄ።"

ያረፈችው ካሳዬ ልክ ነህ ካለኝ እሑድ በፊት፣ ዓርብ ነው። እኔ ስለ ጠባቂ ስሟገት እሷ ተቀብራ ነበር።

ግንቦት 4፣ እሑድ

ከለቅሶው በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ ጋሽ ሳህሉ ቤት ሄድኩ። ትራስ አመቻቹልኝ። ሻዬን ካሳዬ አማሰለልኝ። ስለ አየሩ አወራን። እንዲህ ሆነን ልንቀር ነው? ሰው በለሰለሰልኝ ቁጥር አሁን ደግሞ ማን ሞተብኝ እያልኩ ልቤ ይመታል። ትናንት የባንክ ቤቷ ልጅ ፈገግ ስትልልኝ እንኳ ደነገጥኩ።

አላስቻለኝም። "ጠባቂው ጥሩ ምርጫ ነው፣ አይደል?" አልኩ።

ካሳዬ ጋሽ ሳህሉን አየ። ከዚያ እኔን፣ ረዘም አድርጎ።

"በል እንጂ" አልኩት።

ጠረጴዛውን ሲመታው ብርጭቆዎቹ ዘለሉ። "ምኑ ነው ጥሩው! ያን የመሰለ ሯጭ ትቶ ዘበኛ የሚቀጥር ቡድን! አንተና እነሱ አንድ ናችሁ፣ ፈሪዎች!" ጋሽ ሳህሉ "ጎረቤት! ኧረ ጎረቤት!" አሉ። እንባዬ መጣ። ካሳዬ አይቶታል፣ ግን አላቆመም። "ኳስ ለጊ ደግሞ ይለኛል! እኔን! በስልክ!"

ካሳዬ ከጮኸብኝ የደበቀብኝ ነገር የለም ማለት ነው። ድምፄ እስኪዘጋ ጮኼ መለስኩለት።