ብቻውን ለገባ አንድ ሰው አምስት ተኳሽ ስለመደባችሁ የቀረበ ምስጋና

ቀኑ ቅዳሜ ነው፤ ሰማዩ ከጠዋት ጀምሮ ደምኖ እስካሁን አልዘነበም። ይህ ደብዳቤ ሲጻፍ በክፍሉ ውስጥ ያለነው እኔ፣ አልጋው ላይ ትራስ ተደግፎ የተቀመጠው ታናሽ ወንድሜ፣ እንዲሁም ልትጠይቀው መጥታ እዚሁ የምታድረው አክስታችን ነን። አክስታችን አንቀላፍታለች፤ ቢሆንም ምስክር ናት።

ለተከበሩ የኮምፒውተር ተኩስ ጨዋታው ድርጅት የግጥሚያ ምደባ ክፍል ኃላፊ፣

በቅድሚያ የአክብሮት ሰላምታዬ ካሉበት ይድረስዎ። ጤናዎ እንደምን ነው? በተለይ ወገብዎና ጉልበትዎ ደኅና እንደሆኑ ተስፋ አደርጋለሁ፤ ሰው ከሁለቱ አንዱ ሲከዳው ቤቱ ውሎ የእርስዎ ደንበኛ ይሆናልና፣ ይህን ለጠላትም አልመኝም።

ማን እንደሆንኩ ባጭሩ ላስረዳ። በልብስ ንጽህና ቤት ካውያ ይዤ የምውል ሴት ነኝ፤ በሥራዬ እኔም ተኳሽ ነኝ፣ የምተኩሰው ግን ሸሚዝ ነው። ትምህርት ቤት አልዘለቅኩም። ማንበብ የለመድኩት ደንበኞች ኪሳቸው ውስጥ ከሚረሷቸው ወረቀቶችና ዕቃ ከሚጠቀለልባቸው ጋዜጦች ስለሆነ፣ በጽሑፌ ላይ የተጨማደደ ነገር ካዩ ይታገሡኝ።

ወንድሜ ግንብ ለሳኝ ነበር። ከመወጣጫ ላይ ከወደቀ ወዲህ እግሮቹ አይታዘዙትም። የሥራ ጓደኞቹ መጀመሪያ ተሰብስበው፣ ቀጥሎ በየተራ፣ ከዚያ በስልክ ይጠይቁት ነበር፤ አሁን ስልኩም ዐርፏል። የቀረው ከመስኮቱ ሥር ያለችው ኮምፒውተርና የእናንተ ጨዋታ ነው። እዚያ ውስጥ ደረጃ ይወጣል፣ አጥር ይዘላል፣ ከማያውቃቸው ሰዎች ጋር ያወራል። ለአክስታችን «እዚያ እኮ እሮጣለሁ» ብሎ ሲነግራት፣ እሷም እንግዲያው ሳይህ ልዋል ብላ ቀን ቆረጠችለት። በቀጠሮው ዕለት ጢሙን ተላጭቶ፣ የታጠበ ሸሚዝ ለብሶ ጠበቃት። ሸሚዙን የተኮስኩት እኔ ነኝ።

አቤቱታዬ የሚነሣው ከዚህ ነው፤ እንደ ደንቡም በቁጥር አቀርባለሁ።

አንደኛ፦ ያን ዕለት ወንድሜን ከአራት የማይተዋወቁ ሰዎች ጋር አሰለፋችሁት። አንደኛው መነሻው በር ላይ እንደ ቆመ ቀረ። ሁለቱ በማይግባቡበት ቋንቋ እየተሰዳደቡ መንገድ ይዘጋጉ ጀመር። አራተኛው የመጀመሪያው ዙር ሲሸነፍ ጥሎ ወጣ። በወዲያኛው ወገን ያቆማችኋቸው ግን በስማቸው ፊት አንድ ዓይነት ምልክት የለጠፉ፣ በየቀኑ አብረው የሚለማመዱ፣ አንዱ ሲያስነጥስ አራቱ እኩል «ይማርህ» የሚሉ አምስት ሰዎች ነበሩ። ለአንድ ብርቱ ሁለት መድኃኒቱ ሲባል ሰምቻለሁ፤ ለአንድ ሽባ አምስት ማዘዝ ግን የእናንተ ብቻ ሐኪምነት ነው።

እነዚህ ሰዎች አንድ ልማድ አላቸው። ተቃራኒ ወገን አልቆ አንድ ሰው ሲቀር አይገድሉትም፤ እግሩን መትተው ያንበረክኩትና ዙሪያውን ቁጭ ብድግ እያሉ ይጨፍራሉ። የቀረው ወንድሜ ነበር። አክስታችን እንድትሰማለት ብሎ ድምፅ ማጉያውን ከፍቶት ስለነበር፣ ክፍሉ በሙሉ ሰማ።

«ተነሥ እንጂ ሽማግሌው፣ እግር የለህም እንዴ?»

እነሱ አላወቁም፤ አልፈርድባቸውም። አክስታችን ጆሮዋ ትንሽ ከበድ ስለሚል ምን እንዳሉት ጠየቀችው። «ሰላም እያሉኝ ነው» አላት። እሷም እጇን አንሥታ ለስክሪኑ ሰላምታ መለሰች።

አክስታችን ስትሄድ ኮምፒውተሩን ንቀይና አንሶላ አልብሺልኝ አለኝ። አለበስኩት። ከዚያ በኋላ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሮ ይውል ጀመር፤ ግድግዳውን ደኅና በነበረ ጊዜ የለሰነው ራሱ ነው።

ሁለተኛ፦ ለመሥሪያ ቤታችሁ ጻፍኩ። መልሳችሁ ፈጣን ነበር፤ ያላነበበ መቼም ይፈጥናል። የወዲህኞቹ አምስት ችሎታ ተደምሮ ከወዲያኞቹ አምስት ችሎታ ጋር እኩል እንደሆነ፣ የማሸነፍ ዕድሉም ከመቶ ሃምሳ እንደነበር ማሽናችሁ ማረጋገጡን ገለጻችሁልኝ። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነው፤ ማሽናችሁ ሎሚውን ቆጠረ እንጂ ተሸካሚውን አላየም። በማጠቃለያውም፣ ወንድሜ የበለጠ እንዲደሰት ጓደኛ ቢያፈራ እንደሚሻል መከራችሁ። ይህን ምክር አላነበብኩለትም። እርስዎ መጥተው አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጠው፣ ዓይኑን እያዩ ቢነግሩት ክብሩ የእርስዎ ይሆናል ብዬ ተውኩት።

ሦስተኛ፦ ምክራችሁን ግን ተቀበልኩ፤ ጓደኛ ሆንኩት። ከሥራ ስመለስ አንሶላውን ገፍፌ ይህን ነገር አስተምረኝ አልኩት። ብቻዬን ስነካካ፣ ስሳሳት፣ አሁንም ስሳሳት ቢያየኝ አላስችል አለውና ፊቱን ከግድግዳው መለሰ። በራሴ እግር ሥር ያፈነዳሁት ቦምብ ብዙ ነው። «እትዬ፣ ቦምብ ይወረወራል እንጂ አይታቀፍም» አለኝ፤ ከብዙ ጊዜ በኋላ የሰማሁት የመጀመሪያ ቀልዱ ነው፣ ለዚህም ድርጅታችሁን አመሰግናለሁ።

ታዲያ ሁለት ሆነን ስንገባ ምን ጠበቀን? በደንባችሁ መሠረት ሁለት ሰው ቡድን ነው፤ ቡድን ደግሞ ከቡድን ጋር ይጋጠማል። ስለዚህ አንድ ለሳኝና አንዲት ካውያ ያዥ፣ ከተደራጁ አምስቶች ፊት ተጣልን። የጎደለንን ሦስት ቦታ የምትሞሉት እንደ ወንድሜ ብቻቸውን በገቡ ሰዎች ነው፤ እነሱም የሚያስጨርሳቸው ከእኛ ጋር መመደባቸው መሆኑን ስለሚያውቁ ገና ከበሩ ይረግሙናል። በእናንተ ሒሳብ እርስዎና ባለቤትዎ ተያይዘው ገበያ ሲወጡ ወረራ ነውና፣ የከተማዎ ሰው መንገድ ላይ ጦር ይዞ ቢጠብቃችሁ እንዳይቀየሙ።

አራተኛና አምስተኛም ነበረኝ። ነገር ስለተለወጠ ትቼዋለሁ።

የተለወጠው እንዲህ ነው። ከእኛ ጋር ሆነው ከሚያልቁት ረጋሚዎች መካከል፣ ረግሞን ሲያበቃ የሚስቅ አንድ የአውቶቡስ ሹፌር አገኘን። ቀጥሎ አንዲት ዳቦ ጋጋሪ ተጨመረች። ዛሬ እኩለ ቀን ላይ ደግሞ አንድ የመጋዘን ጥበቃ እሺ አለን። እናንተ የጣላችኋቸውን እኛ ለቀምናቸው፤ አምስት ሞላን። በስማችን ፊት ምልክት ለጠፍን። አክስታችን ይህን ስትሰማ እልል ልትል ምንም አልቀራት፤ እንግዲህ ማንም አይነካችሁም ብላ መረቀችን። ወንድሜ ግን መነካቱን ረስተነዋል አላት። «አሁን የምንፈልገው የምንነካውን ነው፣ አክስቴ።»

ድር ቢያብር አንበሳ ያስር ይባላል። አንበሳ እንደማትሰጡን ግን ደንባችሁን አጥንተን ደርሰንበታል፤ ወረፋ ላይ ሌላ የተደራጀ ቡድን ሲጠፋ ማሽናችሁ፣ ወረፋ ያዡ ቡድን እንዳይሰለቸው፣ ብቸኞችን ሰብስቦ ያቀርብለታል። ቸርነታችሁ አይጓደል።

ወገብዎ ሳይዝል፣ ወንበርዎ ሳይነቀነቅ፣ ከበርዎ ብቻዎን የሚወጡበት ቀን ሳይመጣ ረጅም ዕድሜ እንዲኖሩ እየተመኘሁ፣ ለሰጣችሁን ትምህርት ከወለል እስከ ጣራ በሚደርስ አክብሮት እሰናበታለሁ።

የለሳኙ ታላቅ እኅት

ድኅረ ጽሑፍ፦ ደብዳቤው ሳይላክ ስላደረ፣ ዛሬ እሑድ ጠዋት ያደረግኩትን ልጨምርበት። ተነሣሁ። ወንድሜን አጥቤ አለበስኩት። ቁርስ ይቆይ አለኝ። አምስታችንም ገባን፤ ማሽናችሁም አላሳፈረንም፣ አምስት ብቸኞች ሰጠን። አራቱ ወዲያው አለቁ። አንዱ ዕቃ ቤት ገብቶ ተሸሸገ። ጋጋሪዋ በሩን፣ ሹፌሩ መስኮቱን፣ ጥበቃው ደረጃውን ያዙ። እኔ ገባሁ። ሰውየው ባለቤቱ አጠገቡ ቁጭ ብላ እንደምታይ ተናገረና ቶሎ ጨርሱኝ ብሎ ለመነ። ሹፌሩ ይብቃው አለ። ወንድሜ «ቆዩ፣ ጊዜ አለን» አለ። ከሰውየው በስተቀኝ ያለውን ግድግዳ ተኮስኩ፤ ወደ ግራ ሮጠ። የግራውን ተኮስኩ፤ ተመለሰ። ሰዓቱ እስኪያልቅ እንዲህ አመላለስኩት። ወንድሜ አልጋው እስኪንቀጠቀጥ ሳቀ፤ ከወደቀበት ቀን ወዲህ እንዲህ ሲስቅ ሰምቼው አላውቅም። አክስታችን ከወጥ ቤት ምን አገኛችሁ ብላ ጠየቀች፤ እየተጫወተ ነው አልኳት። ወዲያው ስክሪኑ ላይ የእናንተ ጥያቄ መጣ፦ «ግጥሚያው ፍትሐዊ ነበር?» ከሥሩ ሁለት መልስ አለ። ሰውየው ገና አልወጣም ነበር፤ ሲተነፍስ ይሰማል። «አዎ» የሚለውን ተጫንኩ።