አሥራ ስድስት ዓመት በሽተኛ ሆነው ያስተማሩት እህታችን

እህታችን ከፖስታ አዳይ አባታችንና ከልብስ ሰፊ እናታችን፣ ከአውቶቡስ ጋራዡ ጀርባ በነበረችው ባለሁለት ክፍል ቤት ተወለዱ። ለቤቱ የመጀመሪያ ልጅ ነበሩ፤ ሁለተኛውና የመጨረሻው ይህን የምጽፈው እኔ ነኝ። ቀኑና ዓመቱ ከፎቶግራፋቸው ሥር ስለታተመ አልደግመውም። ዘመዶቻችን ትናንት ከበውኝ፣ በቀብሩ ላይ የሚሰማው ሰው ብዙ ነውና ለስለስ አድርገህ ጻፈው ብለውኛል። የሚሰማው ሰው ብዙ መሆኑን ስላወቅሁ ነው ለስለስ ያላደረግሁት።

በሰባት ዓመታቸው ትምህርት ቤት ገቡ። በትምህርታቸው መካከለኛ፣ የሰው አነጋገርና አረማመድ በመቅዳት ግን አንደኛ ነበሩ። የሒሳብ መምህሩን፣ ዳይሬክተሯን፣ የገዛ አባታችንን ሳይቀር ቁጭ አድርገው ይቀዷቸው ነበር። አንድ ቀን ከጓዳ ሆነው የአባታችንን ሳል ቢስሉ፣ እናታችን መጡ ብለው ምሳ አቀረቡ። ለዚህም ተገረፉ፤ እናታችን ግን እየገረፉ ይስቁ ነበር።

አሥራ ሁለተኛ ክፍልን እንደጨረሱ በውሃ መሥሪያ ቤት የስልክ ቅሬታ ተቀባይ ሆነው ተቀጠሩ። ሃያ አንድ ዓመት ሙሉ፣ ውሃ የጠፋበትን ሰው ሁሉ ስድብ ችለው አዳመጡ። በሃያ አምስት ዓመታቸው ቤት ቀለም ቀቢ የነበሩትን ባለቤታቸውን አግብተው ሴትና ወንድ ልጅ ወለዱ። ባለቤታቸው ከስምንት ዓመት በፊት አርፈዋል፤ ደግ ሰው ነበሩ፣ ነፍሳቸውን ይማር። የቅሬታው ስልክ በማሽን ሲተካ እህታችን በአርባ ዓመታቸው ያለ ሥራ ቤት ተቀመጡ።

የጤና ኮሌጁ የልምምድ ታካሚ እንደሚፈልግ ማስታወቂያ ያየችው ሴት ልጃቸው ናት። ሥራው፣ ተማሪዎቹ እውነተኛ በሽተኛ ከመንካታቸው በፊት እንዲለማመዱ በሽተኛ መስሎ መተኛት ነው። ለእያንዳንዱ በሽታ አንድ ገጽ ጽሑፍ አለ፤ ታካሚው ምን እንደሚል፣ የቱን እንደሚይዝ፣ መቼ እንደሚያቃስት ሁሉ ተጽፏል። ጠባብ አልጋ፣ ነጭ መጋረጃ፣ በየስምንት ደቂቃው የሚጮኽ ደወል፣ ጥግ ላይ ተቀምጦ ነጥብ የሚሰጥ ፈታኝ፤ የእህታችን መሥሪያ ቤት ይኸው ነበር። በዚያ አልጋ ላይ በትርፍ አንጀት፣ በአስም፣ በኩላሊት ጠጠር ለአሥራ ስድስት ዓመት ታመሙ። የሚያደርገው የጠፋው ተማሪ ሲገባ፣ ከማቃሰታቸው መሐል ቀስ ብለው "አይዞህ ልጄ፣ መጀመሪያ እጅህን ታጠብ" የሚሉት እሳቸው ነበሩ።

ሰፈሩ ግን ምን አለ? በሽታን በየቀኑ የጠራ ሰው አንድ ቀን አቤት ይለዋል ተባለ። ይህቺ ሴት የማትታመመው የለም ብለው፣ የልጆቻቸውን ልብስ ከእሳቸው ገመድ አጠገብ ማስጣት የተዉ ጎረቤቶች ነበሩ። ያው ጎረቤቶች ልጃቸው ሲያተኩሰው በሩን የሚያንኳኩት የእህታችንን ነበር። ዛሬ ከፊት ተሰልፈው ሲያለቅሱ አይቻለሁ፤ ያልቅሱ፣ አልከለክልም።

ሰባተኛው ገጽ የልብ ሕመም ነው። በገጹ ላይ ያለው ታካሚ የሃምሳ ሁለት ዓመት የጭነት መኪና ሾፌር ነው፤ መሪ ይዞ ሳለ ደረቱን ድንጋይ እንደጫኑበት ይሆናል፣ በቡጢው ይይዘዋል፣ ግራ እጁ ይደነዝዛል። እህታችን እንኳን የጭነት መኪና ብስክሌት ነድተው አያውቁም። ቢሆንም አሥራ ስድስት ዓመት ሾፌር ሆነው ወደቁ፤ ተማሪዎቹም "ሾፌሯ" እያሉ ይጠሯቸው ነበር። አንድ ጊዜ፣ ሾፌርነቱ ይቅርብኝና እንደ ራሴ ሴት ሆኜ ልታመም ብለው ጠይቀዋል። ገጹ በኮሚቴ የጸደቀ ነው፣ ለሁሉም ተማሪ አንድ ዓይነት መሆን አለበት ተባሉ። ኮሚቴውን ያቋቋሙት ሰዎች እናት የላቸውም እንዴ? ብዬ የጠየቅሁት ያኔ ሳይሆን ዛሬ ነው፤ ጥፋቴ ነው።

ይህንኑ ሾፌር በሕንጻችን ደረጃ ላይ ለጎረቤት ደጋግመው ተጫውተውታል፤ ጥርስ አያስከድኑም ነበር። ጫማ ሰሪው ጎረቤታችን አንድ ቀን ደረቱን በቡጢ ጨብጦ ቁጭ ሲል፣ ወዲያው አውቀው በታክሲ ሆስፒታል አደረሱት። ተረፈ፤ እዚህ መካከላችን ቆሟል፣ ዕድሜ ይስጠው። ከዚያ ወዲህ በሰፈራችን የልብ ሕመም ማለት እንደ ጫማ ሰሪው መሆን ነው። ሕፃኑ ሳይቀር ደረቱን ይዞ መውደቅ ይችላል። አወቅን ብለን ነበር።

ባለፈው ሰኞ እህታችን አትክልት ገዝተው ሲመለሱ ደረጃው መሐል ተቀመጡ። ደክሞኛል፣ ያቅለሸልሸኛል፣ መንጋጋዬን ያመኛል አሉ። ታች ያለችው ጎረቤት ጨጓራ ነው ብላ ቁርጡን ነገረቻቸው። ማክሰኞ በኮሌጁ የዕረፍት ሰዓት ለአራት ተመራቂ ተማሪዎች ይህንኑ ተናገሩ። አንደኛዋ በስልኳ መብራት አፋቸውን አይታ፣ የኋላው ጥርስ ነው ብላ ፈረደች፤ ሦስቱም ልክ ነሽ አሏት። አራቱም በሰባተኛው ገጽ ሙሉ ነጥብ ያገኙ ናቸው።

ረቡዕ ጥርስ ሐኪም ዘንድ የወሰድኳቸው እኔ ነኝ። ሐኪሙ፣ ጥርሱ ያን ያህል አልተጎዳም፣ ጥቂት ቀን እንየው ብሎ ነበር። ስንት ቀን ልትሰቃይ ነው፣ ይነቀልላት ብዬ የተጨቃጨቅሁት እኔው ነኝ። ተነቀለ፤ ሕመሙ ግን ከመንጋጋቸው ንቅንቅ አላለም። ይህን በገዛ እጄ የምጽፈው ከጀርባዬ እንዳይወራ ብዬ ብቻ አይደለም፤ ጸጸቱ እየበላኝ ስለሆነ ነው።

ሐሙስ የፈተና ቀን ነበር። እንዲቀሩ ለመንኳቸው። ልጆቹ ዓመቱን ሙሉ ለፍተው በእኔ ምክንያት ፈተና ይለፋቸው? ብለው ሄዱ። የሆነውን የነገረችኝ በዚያ ቀን መጀመሪያ የተፈተነችው ተማሪ ናት፤ ትናንት ቤት መጥታ እያለቀሰች፣ ከጓደኞቿ የሰማችውንም ጨምራ ነው የነገረችኝ። ሰባተኛው ገጽ ደረሳቸው። ልጅቷ የት ነው የሚያምዎት ብትላቸው፣ እህታችን ደክሟቸው ነበርና ገጹን ረስተው "መንጋጋዬን" አሉ። ፈታኙ ከወንበሩ ሳይነሳ፣ "እትዬ፣ መንጋጋ እኮ ገጹ ላይ የለም" አላቸው።

እህታችን ይቅርታ ጠየቁ። ይቅርታ ጠየቁ! ከዚያ ደረታቸውን በቡጢ ይዘው እንደገና ሾፌር ሆኑ። ደወሉ በየስምንት ደቂቃው እየጮኸ፣ ስምንት ተማሪዎች ተራ በተራ ገብተው አልጋቸው አጠገብ ቆሙ። ስምንቱም ልብዎን ታመዋል፣ አሁኑኑ ሆስፒታል መግባት አለብዎት አሏቸው። ስምንቱም ልክ ነበሩ። አንዱ የደም ግፊታቸውን ለክቶ እጅግ ዝቅ ብሎ ቢያገኘው፣ መሣሪያው ተበላሽቷል ብሎ ገጹ ላይ ያለውን ቁጥር ጻፈ። ሌላው በግንባራቸው የሚወርደውን ላብ አይቶ፣ ሲያስመስሉ አይጣል ነው ብሎ አደነቃቸው። ሁሉም ሙሉ ነጥብ ተሰጣቸው። እህታችንም በመዝገቡ ላይ ፈርመው፣ በአውቶቡስ ቆመው ወደ ቤታቸው ተመለሱ።

ዓርብ ማለዳ ልጃቸው ብታነቃቸው መልስ መስጠት አቃታቸው። ሆስፒታል ባደረስናቸው በሁለተኛው ሰዓት አረፉ። ተረኛው ሐኪም፣ የልባቸው የደም ቧንቧ ከሰኞ ጀምሮ እየተዘጋ ሳይሆን እንደማይቀር፣ ሴቶች ላይ ብዙ ጊዜ ያለ ከባድ የደረት ሕመም፣ በድካም፣ በማቅለሽለሽ፣ በመንጋጋና በጀርባ ሕመም እንደሚመጣ በትሕትና አስረዳኝ። ይህን የት ተማርከው አልኩት። እዚሁ ኮሌጅ ነው የተማርኩት፣ መጽሐፉ ላይ አለ አለኝ። መጽሐፉ ላይ አለ! ተማሪ የሚያጠናው የሚፈተነውን እንደሆነ የማያውቅ መምህር አለ?

ኮሌጁ የሐዘን ደብዳቤ ልኮልናል። የልምምድ ክፍሉን በስማቸው እንደሚሰይም ይገልጽና፣ በዚህ የሕይወት ታሪክ ላይ "በድንገት ከዚህ ዓለም በሞት ተለዩ" የሚል ቃል እንዲገባ ይጠይቃል። አይገባም። ባለቤቱ ካልጮኸ ጎረቤት አይረዳም ይባላል፤ እኒህ ባለቤት ግን ጮኸዋል። ሰኞ ለጎረቤት፣ ማክሰኞ ለተማሪዎች፣ ረቡዕ ለእኔ፣ ሐሙስ ለፈታኙ ተናግረዋል። አራት ቀን ሙሉ ሕመሙን እየተናገረ የሞተ ሰው በድንገት ሞተ አይባልም።

የኮሌጁ ዲን እዚህ ቆመዋልና በአክብሮት እነግራቸዋለሁ። በር ላይ የእህታችንን ስም አትለጥፉብን። ገጹን ጻፉ። ሾፌር ያልሆነች፣ ደረቷን ያልያዘች፣ ደረጃ መሐል ቁጭ ብላ መንጋጋዬን የምትል ሴት ጻፉ። እሷን ጥርስ ሐኪም ዘንድ የላከ ተማሪ ይውደቅ።

እህታችን በሃምሳ ሰባት ዓመታቸው ያረፉት ሁለት ልጆችን፣ ሦስት የልጅ ልጆችንና አንድ ወንድም ትተው ነው። በእጃቸው አልፈው ሐኪምና ነርስ የሆኑት ስንት እንደሆኑ አናውቅም፤ ዛሬ ግን በየሆስፒታሉ ተረኛ ሆነው ሴቶችን እያከሙ ነው። ፈጣሪ የእህታችንን ነፍስ ከደጋጎቹ ጋር ያሳርፍልን። እኛን ግን ያ ገጽ እስኪጻፍ ድረስ ዕረፍት ይንሳን።