ጠያቂ መጣ፣ ተኛ

ልደታ፣ አዲስ አበባ
ኅዳር 7 ቀን 2018 ዓ.ም.

ፋዮዬ፣ የሆዴ ልጅ፤

የሰመራ ሙቀት እንዴት ይዞሻል? ውሃ ጠጪ። ሳላይሽም ክሳትሽ በድምፅሽ ይታወቀኛል። እኛ ፈጣሪ ይመስገን አለን። አለን ስልሽ ግን በስልክ እንደምለው «ደህና ነን፣ ደህና ነን» አይደለም። በስልክ የማልነግርሽ አባትሽ አጠገቤ ስለሆነ ነው። እግሩ ተሰበረ እንጂ ጆሮው ምን ሆነ! ድምፄን ዝቅ ሳደርግማ ጭራሽ ቀና ብሎ ያዳምጣል። ስለዚህ የአባትሽ የመንገድ ጓደኛ ሰላሃዲን ነገ ጭነት ሊያመጣ ወደ ጂቡቲ ሲወርድ ሰመራ ላይ በእጅሽ እንዲሰጥሽ ይሄን ጻፍኩ። አባትሽን «ለፋዮ በርበሬ ልልክላት ነው» ብዬዋለሁ። በርበሬውም አብሮ አለ፣ አልዋሸሁም።

ልጄ፣ የአባትሽ እግር አላማረኝም። ነሐሴ ላይ ጭነቱን ሸራ ሲያለብስ ከመኪናው ወድቆ ጭኑ ተሰብሮ ብረት ሲገባለት፣ ሐኪሙ ሲያስወጣን ምን እንዳለ ታስታውሻለሽ፤ «ብረቱ የእኔ ሥራ ነበር፣ የቀረው የእናንተ ነው» አለን። ጉልበቱን ማጠፍ፣ መዘርጋት፣ በክራንች መራመድ፣ ሲጋራና ጫት እርም። ይኸው ሦስት ወር አለፈ። ጉልበቱ አልዘረጋም፣ አልታጠፍም ብሎ መሃል ላይ ቆሟል። ባለፈው ራጅ ሲነሳም አጥንቱ ገና አልገጠመም አሉን። ሐኪሙ «ጋሽ ሙለታ፣ ያጨሳሉ?» ሲለው «ኧረ ዓይኔን ግንባር ያድርገው!» ብሎ ማለ። ሰውዬው የእኔን ፊት ሲያይ እውነቱን አገኘው።

ያጨሳል፣ ምን ልደብቅሽ። መታጠቢያ ቤት በክራንች እየዘለለ ገብቶ ሳሙና በሳሙና ሆኖ ይወጣል። ከመቼ ወዲህ ነው አባትሽ በቀን አራቴ እጁን የሚታጠብ? ቅዳሜ ቅዳሜ ደግሞ የመንገድ ጓደኞቹ ጫት በላስቲክ ጠቅልለው «ሙሌን እንጠይቅ» ብለው ይመጣሉ። ጫቱን ከያዘ በኋላ ምግብ የለ፣ እንቅልፍ የለ። እንቁላል ቀቅዬ አቀርብለታለሁ፣ እንደቀረበ ይመለሳል። ሐኪሙ አጥንት ያለ ምግብ አይሠራም ብሏል ስለው «እናንተ ሴቶች ከሐኪም ጋር ተማከራችሁብኝ» ይለኛል።

ግን ሁሉን እሱ ላይ ልከምር ብል የልደታዋ እናት ትታዘበኛለች። ሌላም አለ።

ሰፈራችንን ታውቂው የለ? የኮንዶሚኒየም ሰው ሁሉ ጠያቂ ነው። ጠዋት የእድር ሴቶች፣ ከሰዓት የቤተ ክርስቲያን ሰዎች፣ ከዚያ ጎረቤታችን ዙሃራ ሾርባዋን ይዛ፣ ከዚያ ደግሞ የማላውቃቸው «ወሬውን ሰምተን ነው» የሚሉ። የታመመ ሰው ቆሞ አይጠየቅም መቼም። ስለዚህ በር በተንኳኳ ቁጥር አባትሽ ክራንቹን ከአልጋው ሥር፣ እኔ ብርድ ልብሱን እስከ ደረቱ። «ጠያቂ መጣ፣ ተኛ!» የቤታችን ዜማ ሆነ። ጉልበቱን ሊያጥፍ ሁለቴ ሞክሮ ሳይጨርስ ኳ ኳ ይላል፣ ይተኛል። ቆሞ ቢያገኙት «ድኗል እኮ፣ ምን ይጋደማል?» ብለው ያሙታል ብዬ ፈራሁ። ጠያቂው ሲሄድ ሌላው ይተካል። እንዲህ እያልን ስፖርቱ ቀረ።

አንድ ቀን እንዲሁ ሲንኳኳ አስተኛሁት። ብርድ ልብሱን አልብሼ፣ ከጉልበቱ ሥር ትራስ አድርጌ፣ ፊቴን አሳዝኜ በሩን ስከፍት ማን ብትሆን ጥሩ ነው? ቤርሳቤህ! ሜክሲኮ ያለው ክሊኒክ እግሩን የምታሠራው ፊዚዮቴራፒስት። ሁለት ቀጠሮ ሳንሄድ ስንቀር አድራሻችንን ጠይቃ መጣች። የልጅ አዋቂ ናት፣ አንቺን ነው የምትመስለኝ። ሰላም ብላን ቀጥታ ብርድ ልብሱን ገለጠች።

«ይሄን ትራስ ማነው ያደረገው?»

«እኔ ነኝ» አልኳት። «እንዳያመው ብዬ።»

«እትዬ እንዳለች፣ ታጥፎ የዋለ ጉልበት ታጥፎ ይቀራል። ሲጋራው አጥንቱን እያዘገየው ነው፣ እርስዎ ደግሞ ጉልበቱን እያሰሩት ነው። እስከ ገና በዚህ ከቀጠለ ወይ ማደንዘዣ ተሰጥቶት በግድ ይዘረጋል፣ ወይ እግሩን እየጎተተ ይኖራል። መንዳት እንኳን አይታሰብ።»

አባትሽ ግድግዳውን አየ። እኔ ምን እንደተሰማኝ ልንገርሽ? ደነገጥኩ፣ እውነት ነው። ቀጥሎ ግን፣ ማርያም ይቅር ትበለኝ፣ ልቤ ቀለል አለው። መንዳት አይታሰብም ስትል ልቤ ቀለል አለው።

ፋዮ፣ እኔ የሹፌር ሚስት ነኝ። ጸጉሬ የሸበተው ጎማ ፈነዳ ወይስ ተኩስ ተነሳ እያልኩ ነው። አንቺ እንኳ ሰመራ ከገባሽ ወዲህ ሲወጣም ሲወርድም ምሳ አብራችሁ ትበሉ ነበር። እኔ ልብሱን አጥቤ እሰጠዋለሁ፣ ቆሻሻውን ይዞ ይመለሳል። አሁን ግን ቤት ይውላል። ቀን ቀን ድራማ አብረን እናያለን፣ ሴትዮዋ ባሏን ስትከዳ ከእኔ በላይ እሱ ይናደዳል። የሽንኩርት ዋጋ አወቀ። ሽሮዬ ጨው እንደሚበዛበት እንኳ ገና አሁን ነገረኝ፣ ስንት ዓመት ዝም ብሎ ሲበላ ኖሮ! ሳቅን፣ ሳቅን። እንዲህ ያለ ባል ነበረኝ እንዴ አልኩ። ላያስችል አይሰጥም ይባላል፣ እኔ ግን ይሄንን አጥቼ የሚያስችለኝ አልመሰለኝም።

ስለዚህ በማግስቱ ትራሱን መልሼ አደረግኩት። አውቄ ነው። እሱም «ተመስገን፣ አንቺ ታዝኚልኛለሽ» አለኝ። ያቺ «ታዝኚልኛለሽ» ያላት ቃል እስከዛሬ ትወጋኛለች።

ከዚያ የሆነ ቀን እግሩን ላጥብለት ቁምጣ አልብሼ ወንበር ላይ አስቀምጬዋለሁ፣ በሩ ተንኳኳ። ምንም ሳልለው ራሱ «ተኛሁ፣ ተኛሁ!» እያለ እንደ ተማሪ ወደ አልጋው ተንፏቀቀ። ሳቄ መጣ። ወዲያው ግን ሁለቱን እግሩን ጎን ለጎን አየሁ። የታመመው ጭኑ፣ ያ ከባድ መኪና ሲያንቀጠቅጥ የኖረው ጭን፣ የእኔን ክንድ አክሏል። ማየቴን አይቶ እሱም አጎንብሶ አየው።

«እንዳለች፣ ይሄ የእኔ እግር ነው?» አለኝ።

በሩ ይንኳኳል። «አትተኛም!» አልኩት። «ተነስ፣ ቁም!» ክራንቹን ከአልጋው ሥር ጎትቼ አስጨበጥኩትና ሄጄ በሩን ወለል አድርጌ ከፈትኩት። ዙሃራ ሾርባዋን እንደያዘች ጋሽ ሙለታን በቁምጣ ቆሞ አገኘችው! «ውይ! ድነዋል እንዴ?» አለች፣ ዓይኗን ወደ ኮርኒሱ አድርጋ። «አልዳነም» አልኳት። «እንዲድን ነው የቆመው። ሾርባውን አስቀምጪና ጉልበቱን ሲያጥፍ ቁጠሪለት።»

አባትሽ በውርደት እንባው መጣ። እኔም አለቀስኩ። ዙሃራ ቆጠረች፣ ግን ተቀይማኛለች፣ ሾርባውም ቀርቷል። እድር ውስጥ «እንዳለች ጨከነች፣ ሽማግሌ በቁምጣ ታስጠይቃለች» እየተባለ ነው። ይበሉ። ትራሱን ለጥበቃው ሰጠሁት።

አባትሽ ከዚያ በኋላ ብዙም አያወራኝም፣ ድራማውንም ፊቱን ከእኔ አዙሮ ነው የሚያየው። ቤርሳቤህ ባለፈው ለካችው፣ ትንሽ ተዘርግቷል አለች። «ትንሽ ነው፣ እትዬ፣ ቃል አልገባም» አለችኝ ደግሞ። ሲጋራውም ትናንት ሸቶኛል። እና እንዴት እንደሚሆን አላውቅም፣ ልጄ። እፈራለሁ።

አንቺን የምለምንሽ ይሄንን ነው። ሲደውል «አባዬ እረፍ፣ አትንቀሳቀስ» አትበይው። ከእኔ የሰማው ይበቃዋል። ደረጃ ወረድክ ወይ፣ በላህ ወይ፣ አጨስክ ወይ ብለሽ ጠይቂው፤ ከእኔ ይልቅ አንቺን ያፍራል። ሰላሃዲንንም ለሚመጡት ጓደኞቹ ሁሉ እንዲነግር አስጠንቅቂው፣ ጫት ይዞ የመጣ ከበር ይመለሳል።

ዛሬ ጠዋት ደረጃውን ጀመርን። እኔ ከፊቱ ወደ ኋላ እየወረድኩ፣ እሱ ብረቱን ይዞ እየተሳደበ፣ መታጠፊያው ድረስ ወረደ። ላቡ ጠብ ጠብ እያለ ቁጭ አለ። ከዚያ ያንን ቀጭን እግሩን ዘርግቶ የደረጃውን ግድግዳ በውስጥ እግሩ ገፋ፣ ለቀቀ፣ ደግሞ ገፋ።

«እንዳለች» አለኝ፣ ከስንት ቀን በኋላ ስሜን ጠርቶ፣ «ፍሬን ለመያዝ ይሄ ይበቃል?»

ዓይኖቹ እንዴት እንደበሩ ብታዪ! ለካ ያን የጂቡቲ መንገድ ሲያስብ ነው የከረመው፣ ከእኔ ጋር ሲስቅም። አጠገቡ ተቀመጥኩ። እግሩን አየሁት።

«አይበቃም» አልኩት። «ጠንከር አድርገህ ርገጥ።»

በይ የኔ ዓለም፣ ልደታ ማርያም ከክፉ ሁሉ ትሰውርሽ፣ የምታከብሪው ሰው ያክብርሽ። አንድ ቀን መኪናውን እደጅሽ ሲያቆም ምሳ አብይው፣ አጥግቢው። አታሳድሪው ግን፣ ቶሎ ወደ እኔ መልሽልኝ።

እናትሽ እንዳለች