የአጎቴ ጣት መዳፍ አይደለም

ጥቅምት 4
እታለም፣ ዛሬ ትምህርት ቤት ሄድኩ። ከቀብርሽ ወዲህ የመጀመሪያዬ። ሒሳብ ነበረ፣ አልገባኝም። እሱ እንኳን አዲስ ነገር አይደለም። ቤት ስመጣ አብሮሽ የሚሠራው መነጽራም ሳሎን ተቀምጧል። ላፕቶፕሽን ፈልጎ። እማዬ፣ "ሥራህን እዚሁ ሥራ፤ እሱ ከዚህ ቤት አይወጣም" አለችው። እማዬ አይወጣም ካለች... ታውቂያታለሽ።

አለቃችሁ ያንቺን ሥራ ሞክሮት እምቢ ብሎታል። በምትሠሩት አዲስ ላፕቶፕ መዳሰሻ ላይ ሦስት ጣት አሳርፎ ወደ ታች ሲስብ የተከፈተው ሁሉ መዘጋት ነበረበት... ምንም። "እስከ ዓርብ ካልተስተካከለ ከአዲሱ ማሽን ይወጣል" አለ መነጽራሙ። ይወጣል? ዓመት ሙሉ የለፋሽበት?

ጥቅምት 5
ላፕቶፕሽ ላይ ያለውን የጣት መፈተኛ ፕሮግራምሽን ከፈትነው። እሱ ምንም አይዘጋም፣ ጣቱን ካወቀው "ገብቶኛል" ብቻ ይላል። መነጽራሙ ሞከረ፣ ገባው። እኔ፣ ገባው። እማዬ፣ ገባው። ታዲያ አለቃው ምን ሆኖ ነው?
"ጣቱ እንዴት ነው?" አልኩት።
"ወፍራም ነው። ምነው?"
በማን ላይ ነበር የምትሞክሪው? በኔና በእማዬ። የኛ ቤት ጣት ደግሞ እርሳስ ነው። መነጽራሙም ከኛ አይሻልም።

ጥቅምት 6
አጎቴን ከጋራዥ ጠራሁት። ብሎን ያለ መፍቻ የሚፈታበትን ጣት አሳረፈ። "መዳፍ ነው" የሚል ጽሑፍ ወጣ።
"ማንን ነው መዳፍ የሚለው?"
"ጋሼ፣ ስድብ አይደለም" አለ መነጽራሙ። "ሰው ሳያስበው መዳፉ ሲነካው እንዳይታዘዝ ነው። ሰፊ ነገር ሲያርፍበት ይተወዋል።"
"ጣቴን መዳፍ ካለ መዳፌን ምን ሊለው ነው? ትራስ?"
እማዬ ሳቀች። ከዚያ ደንግጣ አፏን ያዘች።
ጣትን ከመዳፍ የሚለይበትን ልክ ሰፋ አደረግነው። የእማዬን መዳፍ ጣት ነው አለ። ጠበብ። አጎቴ እንደገና መዳፍ ሆነ። ሰፋ፣ ጠበብ... በመጨረሻ፣ "ገብቶኛል።"
"በስንት መከራ!" አለ አጎቴ።

ጥቅምት 8
መነጽራሙ አዲሱን ልክ ለቢሮ ልኮት ነበር። ለአለቃችሁ ሠራለት። ሥራሽ አይወጣም።

ጥቅምት 11
እማዬ ዛሬ ሥራ ገባች። ቤት ውስጥ ብቻዬን ስሆን የመጀመሪያው ጠዋት ነው። መነጽራሙ ከሰዓት ላፕቶፕሽን ሊወስድ ይመጣል። "ይውሰደው" ያለችው እሷው ናት።

ከፈትኩት። ገጾችሽ እንደተውሻቸው ናቸው። የጫማ ሱቅ። የአውቶቡስ ሰዓት። "የወንድ ልጅ ካልሲ ሽታ በምን ይለቃል?"... መልሱን አነበብኩት። በኮምጣጤ።

ሦስት ጣት አሳረፍኩ። ወደ ታች ሳብኩ። ሁሉም ተዘጋ።

ካልሲዎቼን ሰብስቤ ዘፈዘፍኩ።